ርግቦቹ ካልወጡ አንፈርምም

ማዳሜ ቤቷን ለመሸጥ የወሰነችው ሊፍት ውስጥ ተቆልፋ ሳለች ነው።

እዚህ ዓረብ አገር፣ ዓይን ኤል ረማነህ በሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። «ቤታችን» ስል የእሷን ቤት ማለቴ ነው፤ ሠራተኛዋ ሆኜ ብዙ ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ አፌ እንዲያ ለምዷል። ባሏ የሞተባት፣ ሰማንያን የተሻገረች፣ ጉልበቷ የከዳት ምላሷ ግን ያልከዳት ሴት ናት። ውጭ አገር ያለው ልጇ በደወለ ቁጥር «ያንን ቤት ሽጪና ደረጃ የሌለው ቤት ግዢ» ይላታል፤ እሷም በደወለ ቁጥር «እኔ ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው» ትለዋለች። በወሎ ልማድ በዚህ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቱ እንጂ አንቺ አልልም ነበር። ዓረብኛ ግን አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዴ ከለመድኩት በኋላ በአማርኛ ሳወራም አንቱታው አልመለስ አለኝ።

ያን ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ መብራት ነበረ። እሷ ሊፍቱ ውስጥ ገባች፤ ሲሊንደር የተሸከመ የጋዝ አመላላሽም አብሯት ገባ። እኔ ሊፍቱ ለሦስት ሰውና ለሲሊንደር ስለማይሆን በደረጃ ልወጣ ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ መብራቱ ድርግም አለ። ሊፍቱም መሃል ላይ ቀረ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና በሊፍቱ ብረት ቀዳዳ አወራት ጀመር። መጀመሪያ መንግሥትን ረገመች። ቀጥላ የሰፈሩን የጄኔሬተር ባለቤት ረገመች። ከዚያ «ባሕሩ ይታያል» ብሎ አምስተኛ ፎቅ የገዛውን ነፍሱን ይማረውና ባሏን ረገመችው። ከዚያ ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ከእርግማኗ ይልቅ ያስፈራል።

«አንቺ!» አለች በመጨረሻ።

«አቤት ማዳም።»

«ለልጄ ደውዪለትና ይሸጥ ብላለች በይው። ኸላስ፣ በቃ!»

የጋዙ ሰውዬ ከውስጥ «መብሩክ፣ ያ ማዳም!» ብሎ ጮኸ። እንኳን ደስ አለሽ ማለቱ ነው። ሁለቱም ሲስቁ ሰማኋቸው።

ገዢ ቶሎ ተገኘ። ደላላው ከሰውነቱ በፊት ሽቶው የሚደርስ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። ይዟቸው የመጣው ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር ዳቦ ቤት አለው፤ ልብሱን ቢቀይርም የዱቄትና የጦስኝ ሽታ አይለቀውም። ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ወደ ፊት ገፍቷል፤ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ነች። ቤቱን ሲያዩ ባልየው ቧንቧ ከፈተ፣ ግድግዳ መታ፣ ስለ ውኃው ጠየቀ። እሷ ግን ሳሎኑ ውስጥ ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ ንጣፉ ላይ ቆመች። «እንዴት ይቀዘቅዛል» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ማዳሜ ይህን አየች። እነሱ ከወጡ በኋላ «ያቺ ልጅ ቤት ታውቃለች፤ ለእነሱ ነው የምሸጠው» አለችኝ።

ዋጋው ላይ ተስማሙ። ውል በሚያጸድቀው ካቲብ አድል ዘንድ የሚፈርሙበት ቀንም ተቆረጠ። ማዳሜ በጣም ደስ አላት። «ሰዎች ቤት መሸጥ እንደ ምጥ ነው ይሉ ነበር፤ ይኸው ያለ ጭንቅ ተገላገልኩ» አለች። እኔም ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ወደ ካርቶን መክተት ጀመርኩ።

ምጡ ገና መጀመሩ ነበር።

መጀመሪያ ደላላው ደወለ። «ማዳም፣ ፓርዶን፣ ሙሽራዋ አንዲት ትንሽ ጥያቄ አላት። ሳሎን መሃል ያለው መብራት እዚያው እንዲቀርላት ነው የምትለው።»

ያ ባለ ብዙ ብርጭቆ ትልቅ መብራት ነው። ማዳሜ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማሽ? የሠርጌን ስጦታ! ነገ ደግሞ ቀለበቴን ይጠይቁኝ ይሆናል!»

እኔ ለዚያ መብራት ያለኝ ፍቅር ሌላ ነው። በየዓመቱ ገና ሲደርስ መሰላል ላይ ወጥቼ እያንዳንዷን ብርጭቆ አወልቃለሁ፣ በኮምጣጤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። ከዚያ በኋላ አንገቴ ለሳምንት አይዞርም። ስለዚህ ፊቴን ሳልፈታ፣ «ማዳም፣ አሁን የምንሄድበት ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው የሚሆነው። እዚያ ብንሰቅለው በግንባራችን እየገጨነው ነው የምንኖረው» አልኳት።

አሰበች። ወደ መብራቱ ቀና አለች፤ እንደገና ወደ እኔ። «እሺ፣ ይቅርላቸው። ግን በኮምጣጤ እንደሚታጠብ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። እንደዚያ ደስ ብሎኝ መልእክት አድርሼ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው በማግሥቱ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ወጥ ቤቱን ማስፋት ፈልጓል። ለማስፋት ደግሞ በወጥ ቤቱና በእኔ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ መፍረስ አለበት። ግድግዳው ውስጥ ተሸካሚ ብረት ይኑር አይኑር ለማወቅ፣ ከመፈረሙ በፊት ግንበኛ መጥቶ «ትንሽ ቀዳዳ» ይክፈትልን አሉ።

የእኔ ክፍል አልጋና አንድ ቁም ሣጥን የሚይዝ ነው። በሩ ከአልጋው ጋር ስለሚጋጭ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ስገባ ሆዴን ሰብስቤ ነው። ከቤቱ ሁሉ እሱ ይፈርሳል ሲሉኝ አላዘንኩም። ማዳሜ ግን ተቆጣች። «ሳይፈርም ቤቴን ሊበሳ ነው? ነገ ሐሳቡን ቢቀይር በቀዳዳ ቤት ልኖር ነው?» ደላላው ለመነ፣ ማለ፣ ስለ እናቱ ነፍስ ብሎ ለመነ። በመጨረሻ ተፈቀደለት።

ግንበኛው መጣና መታ። «ትንሽ ቀዳዳ» ያሉት የጎመን ራስ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ብረት ግን አልነበረም፤ ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀዳዳው ትይዩ ተኛሁ። ጠዋት ጠዋት ማዳሜ በዱላዋ እየተደገፈች ወጥ ቤት ትመጣና አጎንብሳ በቀዳዳው አፏን ታስገባለች።

«ቦንዡር! ነቅተሻል?»

«አሁን ነቃሁ ማዳም።»

«ያላ፣ ሻይ አፍዪ።»

እንደ ፖስታ ቤት መስኮት ማለት ነው። አንድ ቀን በዚያው ቀዳዳ ብስኩት አቀበለችኝ። እኔ አልጋው ላይ፣ እሷ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሆነን እስኪያመን ሳቅን።

ሦስተኛው ጥያቄ እኔ ነበርኩ።

ሙሽራዋ መጋረጃ ልትለካ ብቻዋን መጣች። እኔ መለኪያውን በአንድ ጫፍ ይዤላት ከመስኮት መስኮት ዞርን። ትሑት ልጅ ናት፤ ባነሳሁት ባስቀመጥኩት ቁጥር «ሜርሲ» ትላለች። ከጨረስን በኋላ ከማዳሜ ጋር ሳሎን ተቀመጠች። እኔ ጭማቂ ይዤ ስገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማዳም፣ እሷስ? ከአንቺ ጋር ትሄዳለች ወይስ... ያኒ፣ ማለቴ፣ ወረቀቷን ወደ እኛ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ብዬ ነው። ቤቱን ታውቀዋለች» ስትል ሰማኋት።

ጭማቂውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እዚህ አገር ሠራተኛ በአሠሪዋ ስም ነው የምትኖረው፤ ወረቀቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ሳትጠየቅ ሌላ ቤት ያደረች ስንት እህት አውቃለሁ። ማዳሜ ምን እንደምትል ለመስማት ጆሮዬ ሁሉ ቆመ።

ማዳሜ ግን መነጽሯን አወለቀችና «እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? ይኸው ከፊትሽ ቆማለች፤ አፍ አላት» አለቻት።

ሙሽራዋ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ እንደ ሮማን ቀላ።

ጭማቂውን አስቀመጥኩና፣ «እህቴ፣ እኔ ጣሪያው ላይ አልተሰቀልኩም፤ ከመብራቱ ጋር አልቀርልሽም» አልኳት።

ማዳሜ ቀድማ ፈነዳች፤ ሳቋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ሙሽራዋ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ደንግጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እናቷ ሩቅ ናት፤ ከባሏ ጋር ወደ አፍሪካ ሄዳ እዚያው ቀርታለች። የሙሽራዋ ባል ደግሞ ዳቦ ሊጋግር ገና ሳይነጋ ይወጣል። «ልጁን እንዴት እንደምይዘው እንኳ አላውቅም። ቤቱ ትልቅ ነው። አንቺን ሳይሽ ደስ ስላለኝ ነው እንጂ ልሰድብሽ አይደለም» አለችኝ።

«አልተሰደብኩም። ግን እኔ ከማዳም ጋር ነው የምሄደው። ስትወልጂ መጥቼ አይሻለሁ፤ ልጅ እንዴት እንደሚታቀፍም አሳይሻለሁ። እኔ ከታናናሾቼ ጋር ነው ያደግኩት» አልኳት። እጄን ይዛ ቆየች። ማታ የማዳሜን እግር በዘይት ሳሽላት፣ ቀና ሳትል፣ «ከእኔ ጋር ነው የምሄደው ያልሽው እውነትሽን ነው?» አለችኝ።

«ሌላ ማን እንደ አንቺ ሲሳደብ እሰማለሁ?» አልኳት። በሌላኛው እግሯ ገፋ አደረገችኝ።

እንግዲህ አበቃ ብለን ነበር። ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ደላላው ራሱ መጣ። ሽቶው እንኳ ደክሞታል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ማዳም፣ እባክሽ አትቆጪ» አለ። በዚህ ዓይነት የሚጀምር ነገር ጥሩ ሆኖ አያውቅም። «ሙሽራዋ ርግቦቹ ካልወጡ አንፈርምም አለች።»

ርግቦቹ የእኛ አይደሉም። ከበላያችን ሰገነቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ያረባቸዋል። ድሮ ታክሲ ይነዳ የነበረ፣ አንደኛ ፎቅ ብቻውን የሚኖር፣ እኛ ሁላችን ዓሞ፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ የምንለው ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ በረጅም ዘንግ ላይ ጨርቅ አስሮ፣ በጣቱ እያፏጨ ርግቦቹን ሰማይ ላይ ያዞራቸዋል። ቀሚስና አንሶላ ካሰጣን ግን ወዮልን። ሙሽራዋ መጋረጃ ልትለካ በመጣች ቀን በረንዳው ላይ ቆማ ሳለ አንዷ ርግብ ትከሻዋ ላይ ኩስ ጣለችባት። ፉጨቱም ልጄን ይቀሰቅሰዋል፤ ብናኙም አይስማማኝም ብላለች።

«ርግቦቹ የራሳቸው ቤት አላቸው! ለምን እነሱን ከባለቤታቸው አትገዛም!» ብላ ማዳሜ ጮኸች። ደላላው በሩን ተደግፎ ቆመ። እሱም ያሳዝናል።

ማዳሜ ሰገነት መውጣት አትችልም። ደላላው ደግሞ ርግብ ይፈራል፤ ይህን የነገረን በሹክሹክታ ነው። ቀሪዋ እኔ ነኝ።

«ሂጂና አናግሪው። ግን የሚምልልሽን ሁሉ እንዳታምኚ፤ የርግብ አብራሪ ምስክርነት ፍርድ ቤት እንኳ አይቀበለውም» አለችኝ። እዚህ አገር እንዲያ ይባላል። የእኛ አገር ርግብ መስጊድ ጣሪያ ላይ የምትኖር፣ ባለቤት የሌላት፣ ማንም ክፉ የማያስብባት ናት። ስለዚህ እኔ ለርግብ አብራሪዎች ክፉ ሐሳብ የለኝም ነበር።

ዓሞ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ የአንዷን ክንፍ እየዘረጋ ያያል። ሰላም አልኩትና ነገሩን ነገርኩት። እስክጨርስ ክንፉን እያየ ሰማኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ ዓሞ።»

«እንግዲህ ንገሪያት። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ሰገነት ላይ ጥይት ሲዘንብ ርግቦቼ አልሄዱም። ባለፎቆቹ ሁሉ ሄደው እኔና ርግቦቼ ቀረን። አሁን ለቀሚስ ብለን እንሂድ?» አለና ወደ ክንፉ ተመለሰ።

ወረድኩ። ለማዳሜ ነገርኳት። «ልክ ነው» አለች፤ ያልጠበቅኩት መልስ ነው። ከዚያ ግን «ቤቱ ካልተሸጠስ? እንደገና ያ ሊፍት?» ብላ ራሷን ያዘች። ደላላው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሁለተኛ ጭማቂ እየጠጣ ነው፤ መሄድም ፈርቷል።

እኔም ተነስቼ ለሙሽራዋ ደወልኩላት። «ነገ ከሰዓት ነይ። ርግቦቹን እኔ ላስወጣልሽ አልችልም፤ አንቺ ራስሽ ሰገነቱ ላይ ወጥተሽ ለሰውዬው ንገሪው» አልኳት። ይህን ስል ዕቅድ ኖሮኝ አይደለም፤ መላላክ ሰልችቶኝ ነው።

መጣች። ሊፍቱ ሠርቶላት አምስተኛ ደረሰች፤ ከዚያ የቀረውን ደረጃ ክንዷን ይዤ ወጣን። ባሏም ከሥራ ተጠርቶ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደ ተረጨ፣ ከኋላችን ይከተላል። እሷ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች።

ዓሞ ሆዷን ሲያይ ብድግ አለ። ከጥግ የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፤ በእጅጌው ጠረገው፤ አልበቃ ሲለው ሹራቡን አውልቆ አነጠፈበት። «ተቀመጪ ልጄ፣ ደረጃው አድክሞሻል» አላት። ለጠብ የመጣች ሰው ሹራብ ተነጥፎላት ሲያዩ እንዴት እንደምትሆን! ተቀመጠች።

«ጫጩት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«የርግብ? አላውቅም።»

ከአንዱ ሣጥን ውስጥ በሁለት እጁ አቅፎ አንዲት አወጣ። እኔም አይቼ አላውቅም ነበር። ወላሂ፣ አላህ የፈጠረውን አስቀያሚ አይባልም እንጂ! ራቁቷን ናት፤ እዚህም እዚያም ቢጫ ጸጉር በቅሎባታል፤ አፍንጫዋ ከራሷ ይበልጣል።

ሙሽራዋ መሐረቡን ከአፍንጫዋ አነሳች። «ያ ኢላሂ፣ እንዴት ታስቀይማለች!»

«ሁሉም ሲወለድ እንዲህ ነው። የአንቺም እንዲህ ነው የሚሆነው» አላት ዓሞ፣ ምንም ሳይመስለው።

ባልየው ደነገጠ። እሷ አፏን ከፍታ አየችው፤ ቆጣ አለች፤ ከዚያ ድንገት ሳቋ መጣ። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ባሌን ከመሰለ ልክ እንደዚህ ነው» አለች። ዳቦ ጋጋሪው ጫጩቷን ጠጋ ብሎ አያትና አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ዓሞ ልብስ በሚሰጣበት ሰዓት ላያበርር ተስማማ። ፉጨቱንም ሕፃኑ በሚተኛበት ጊዜ በእጅ ማጨብጨብ ሊያደርገው ቃል ገባ፤ ማዳሜ በኋላ ስትሰማ «ማጨብጨብ ከፉጨት ምን ይሻላል?» አለች እንጂ እነሱ ያን ጊዜ ጥሩ ሐሳብ መስሏቸዋል። ባልየው ከበረንዳው የልብስ ገመድ በላይ ቆርቆሮ ሊያስመታ ወሰነ። ሁሉም ሊጨባበጡ ሲሉ ዓሞ ጣቱን አነሳ።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ይኼኔ የጠያቂነቱ ተራ ዞረ።

«ዳቦ ቤት አለህ አይደል? የተረፈህን፣ የደረቀውን ዳቦ ለርግቦቼ ታመጣልኛለህ።»

ዳቦ ጋጋሪው ዓሞን አቅፎ ግንባሩን ሳመው። ታች ስንወርድ ደላላው በሩ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይጠብቀናል።

በፊርማው ቀን ማዳሜ ሐምራዊ ቀሚሷን ለበሰች፤ ጸጉሯንም እኔ ሠራሁላት። ቢሮው ጠባብ ነው። ካቲብ አድሉ ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ማዳሜ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ብዕሩን ለዳቦ ጋጋሪው ሊያቀብል ሲል ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይቅርታ፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ» አለ።

ደላላው ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ማዳሜ ዓይኗን ገለጠች። ሙሽራዋ ራሷ ባሏን በግርምት አየችው።

«ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው? ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ነው የጠጣሁት።»

ካቲብ አድሉ ሳይቀር ሳቀ። ሰውዬው ሄዶ እስኪመለስ ጠበቅነው። ተመልሶ መጣና ፈረመ። ማዳሜም ፈረመች። ወጥተን መኪና ስንጠብቅ ክንዴን አጥብቃ ያዘችና፣ «ባሌ ያንን ቤት ሲገዛ እንዲህ ብዙ አልጠየቀም ነበር። ባሕሩን ብቻ ነው ያየው» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ተናፈጠችና «ያላ፣ አይስክሬም ግዢልኝ» አለችኝ። የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በላን።

አሁን ተራው የእኛ ነበር። ልጇ አንጠልያስ በምትባል ከተማ ውስጥ ምድር ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ሜዳ ያለው ቤት በዚያው ደላላ በኩል አስገኘልን። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። ቤቱን አየን። ለእኔም መስኮት ያለው፣ በሩ እስከ ጥግ የሚከፈት ክፍል አለው። ማዳሜ ወደደችው፤ ዋጋውም ተቆረጠ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሻዩን እየቀዳሁ፣ «ለደላላው ደውዪ» አለችኝ።

«ምን ልበለው?»

«ሜዳው ላይ ወይኑ ሥር ያለው ዥዋዥዌ ወንበር እዚያው ይቅርልኝ በይው። ካልቀረ አልፈርምም።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ። ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተደፋሁ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም ማዳም፤ ሙሽራዋ ትዝ ብላኝ ነው።»

«እሱ ሌላ ነው!»

«እንዴት ሌላ ነው?»

«እሷ የሰው ርግብ ነው የጠየቀችው። እኔ የጠየቅኩት ወንበር ነው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ወደ ዓረብኛ ልመልስላት ብዬ አልሆነልኝም። ደወልኩ። ደላላው ሰውዬውን ጠይቆ መልሶ ደወለልኝ። አስተማሪው አይሆንም ብሏል። ከሚስቱ ጋር ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት ነበር፤ ሁሉንም ውሰዱ፣ እሱን ግን አልተውም ብሏል።

ማዳሜ እጇን ዘረጋች። «ስልኩን አምጪ። ራሴ አናግረዋለሁ» አለች።

በፈረንሳይኛ ነው ያወሩት። ከሚሉት ውስጥ «ፓርዶን» እና «ሜርሲ» ብቻ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ድምፅዋ ሹል ነበር። ከዚያ እየለሰለሰ ሄደ። ከዚያ እሷ ዝም አለችና የሰውዬው ድምፅ ብቻ ከስልኩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያወራ ተሰማኝ። እሷ አንድ ነገር አለች፤ የባሏን ስም ሰማሁ። ድንች ልጬ ጨረስኩ፣ ሽንኩርት ጀመርኩ፣ እነሱ ገና ናቸው።

ስትዘጋ ፊቷ ፈክቷል። «ወንበሩ ይቀራል። እሱ ግን አልፎ አልፎ እየመጣ ይቀመጥበታል። እሱም ቅድመ ሁኔታ አለው።»

ከገባን ከራርመናል። ሙሽራዋ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሄጄ አየሁት፣ ታቀፍኩት፣ እናቱንም አስታቀፍኳት። እውነቴን ነው የምለው፣ ቆንጆ ልጅ ነው፤ ዓሞ ግን አሁንም «ጠብቂ፣ ገና ላባ ሲያወጣ ነው ቆንጆ የሚሆነው» እያለ ያናድዳታል። የደረቀው ዳቦ በከረጢት ወደ ሰገነቱ ይወጣል። ወጥ ቤቱም ሰፍቷል፤ የእኔ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ምጣድ ተቀምጧል።

አስተማሪው አልፎ አልፎ ነው የምመጣው ቢልም አብዛኛውን ቀን ከሰዓት በኋላ ከች ይላል። ማዳሜ እሱ ሊመጣ ሲል ከንፈሯን ትቀባለች፤ አየሁሽ ስላት «ለራሴ ነው» ትለኛለች። ዥዋዥዌው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በፈረንሳይኛ ይከራከራሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳያወሩ ይወዛወዛሉ። ብረቱ ዝጎ ስለነበር በተወዛወዙ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ድምፁ እስከ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል።

ትናንት ሲያስቸግረኝ የዘይት ጠርሙስና ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። «ትንሽ ልቀባው» አልኩ።

«አትንኪው!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ዘይቱን ይዤ ተመለስኩ። ቀይ ሽንኩርቱ እንዳያርብኝ እሳቱን ቀነስኩና እየሳቅኩ ማማሰሌን ቀጠልኩ።